የዝግ ዓይኖች ምርመራ ቀን

ቀረብ በሉ፤ ዓይነ ርግባችሁንም አውልቁት፣ እዚህ ያለነው እኛው ነን። ድሮ የእኛ ሰፈር ልጅ ወደ ላይኛው ከተማ ይሻገር ነበር፣ አሁን ለምን ቀረ እያላችሁ የምትጠይቁኝን ዛሬ እነግራችኋለሁ። ከሰው አፍ የሰማሁት አይደለም፤ አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ።

ይህ የምንሠራው ነገር ሲጀመር ሥራ ብቻ ነበር። አያቴ ማስታወቂያ አይታ፣ ተወዳድራ፣ በዲግሪዋ የገባችበት ነው። ቢሮው ቀዝቃዛ አየር ነበረው፣ ምሳም ይቀርብ ነበር አሉ። ሰው ከየአገሩ የሚልከው ምስል መጀመሪያ በእነሱ ዓይን ያልፋል፤ የታረደውን፣ የተቃጠለውን፣ ልጅ ላይ የተደረገውን አውጥተው ይጥላሉ፤ የቀረው ንጹሕ ሆኖ ወደ ሕዝቡ ይሄዳል። «ማጠብ» ያሉት ራሳቸው ናቸው፣ እየቀለዱ። ቆይቶ ጎረቤት «እነዚህ ሰዎች አይተኙም፣ ልጄን ሲያዩት እንባቸው ይመጣል» ማለት ጀመረ። አከራይ ቤት አልሰጥም አለ። እጮኛዋ አጣቢ መሆኑን የሰማች ሙሽራ ቀለበቱን በሰው እጅ መለሰች። ማንም ዐዋጅ አላወጀም። ዐዋጁ የመጣው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው፤ ሰው አስቀድሞ ሲያደርገው የነበረውን ጻፉና ማኅተም መቱበት።

መምህር ድሪባ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ፊደል ያስቆጠሩን ሰው፣ ይህ ነገር አዲስ አይደለም ይሉን ነበር። በህንድ አገር በሂንዱዎቹ ዘንድ ሰው ገና ከእናቱ ሆድ ሲወጣ ካህን፣ ተዋጊ፣ ነጋዴ ወይም አገልጋይ ሆኖ ይወለድ ነበር አሉ። ከእነዚህ ሁሉ ውጭ ደግሞ በድን የሚያነሣ፣ ሽንት ቤት የሚጠርግ፣ ቆዳ የሚያለፋ ነበር፤ ጥላው ያረክሳል ይባል ነበር። ከእነዚያም የባሰባቸው፣ ቀን መታየት ተከልክለው በጨለማ ብቻ የሚወጡ ነበሩ ይባላል። ሥራቸው የታችኞቹን ልብስ ማጠብ ነበር። ይህን ሲነግሩን «ሩቅ አገር ነው ብላችሁ አትጽናኑ» ይሉ ነበር መምህር። በእኛም አገር ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸክላ የምትሠራውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ይበላል እያሉ፣ ማረሻውንና ድስቱን ግን ከእጁ ይቀበሉ ነበርና።

እናንተ ተወልዳችሁበት አይታወቃችሁም እንጂ ኑሯችን ለሌላ ሰው ቢነገር አያምንም። ላይኛው ከተማ ስንወጣ ግራጫውን ዓይነ ርግብ እንለብሳለን። አውቶቡስ ላይ የእኛ ወንበር ወደ ኋላ የዞረ ነው፤ የምንሄድበትን ሳይሆን የመጣንበትን እያየን እንደርሳለን። እርጉዝ ስታየን ወደ ደጃፍ ገባ ብላ ሆዷን ትሸፍናለች። ገበያ ላይ አጣቢ ትኩር ብሎ ያየው ቲማቲም የአጣቢው ነው፤ ሌላ ሰው ስለማይነካው ባንፈልገውም ከፍለን እንወስደዋለን። ሻጮቹ ይህን ስለሚያውቁ የበሰበሰውን ከፊት ይደረድሩልናል። ስንሞት ደግሞ በግንባራችን ተደፍተን ነው የምንቀበረው፣ ወደ ላይ እንዳናይ። ቄሱ እንኳ ፍትሐቱን ጀርባቸውን ሰጥተውን ያደርሳሉ። በወረቀት ላይ እነሱ «ጽሩያን»፣ ንጹሖቹ ማለት ነው፣ ናቸው፤ እኛ «የምስል ጽዳት ማኅበረሰብ» ነን። ሲናደዱ የሚሉንን ታውቁታላችሁ።

የሰፈራችን ግድግዳ ላይ ሌት ተቀን የሚሮጠው ምስል ያልታጠበ ነው። ለምን ይታጠብልን? ዓይናችሁ አንዴ አድፏል ብለዋል። ውሃ ልንቀዳ ስንሄድ፣ ዘመድ ልንጠይቅ ስንሄድ የምናየውም እንደ ሥራ ነው፤ ግድግዳው ውስጥ ያለው ማሽን የእኛን ፊት እያየ ክፉውን ከደጉ መለየት ይማራል። ምን ይደረግ።

ልጅ ግን እስከ ሰባት ዓመቱ ዝግ ዓይን ነው። ይህን እነሱም አይክዱም ነበር። ምንም ካላየ ንጹሕ ነው። ስለዚህ በዓመት አንድ ቀን መርማሪዎች ይቀመጣሉ፤ ዝግ ዓይን ሆኖ የተገኘውን ልጅ፣ ልጅ ያጣ የላይኛው ከተማ ቤተሰብ ይወስደዋል። ወላጁ ሁለተኛ አያየውም። ልጁም የማን እንደነበረ አይነገረውም። መሻገር የምንለው ይህንን ነበር። ፊታችሁን አታጨማዱ፤ እኛ ይህን በስለት ነበር የምንለምነው።

እናት ልጇን ከደጅ ስታወጣ ታዲያ ዓይኑን በጥቁር ጨርቅ ታስርለታለች፤ ጨርቁ የሚፈታው ቤት ገብተው በር ሲዘጋ ነው። ልጆቻችን ሰፈራቸውን በእጃቸው ነበር የሚያውቁት። ይህ ሻካራው ግድግዳ የእነ እከሌ ነው፣ እዚህ ጋ ቱቦ አለ፣ እዚህ ጋ ድመት አለ፤ እንዲህ እየዳበሱ ያድጋሉ።

ምንውየለት ከእኔ ቤት ጋር ግድግዳ የሚዋሰን ጎረቤቴ ነበር። ሚስቱ ወለላ፣ ልጃቸው ትርንጎ ገና ጡት ሳትጥል፣ አንድ ቀን ከሥራ ወንበሯ ተነሥታ ቤቷ ገባች። ከዚያ ወዲያ አልተናገረችም፤ ሳይቆይም ሞተች። ምን እንዳየች አልጠየቅናትም። ሁላችንም የምናየውን ነው።

እሱ ልጁን አልሸፍንም አለ። በጠራራ ፀሐይ፣ የግድግዳው ምስል ሁሉ እየሮጠ፣ ዓይኗን ገልጦ እጇን ይዞ ያዞራታል። ማዶ ለማዶ የምትኖረው ጌጤነሽ፣ የሰሎሜ እናት፣ ነገር ማሳደር አታውቅም፤ በሰው ፊት ያዘችው።

«አንተ ሰው፣ ልጅቷን ዓይኗን ገልጠህ የምታዞራት ለጨረታ ነው?»

«ሰማዩን ትይ ብዬ ነው፣ እትዬ።»

«ሰባት ሲሞላት ታየዋለች። ሰማዩ የትም አይሄድባት።»

«ያኔማ የምታየው በእኔና በአንቺ ዓይን ነው።»

«ግድግዳው ሲመጣስ?»

«እጄ አለ።»

«እጅህ ይቀድማል?»

«ይቀድማል።»

«ኧረ ባክህ» አለች ጌጤነሽ። «አውቶቡስ ላይ ግን አንድ ቀን እንኳን ስትቀድም አይቼህ አላውቅም።»

ሰው ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። ግን እውነቱን ነበር፤ እጁ ይቀድማል። ሌላው አጣቢ የሚጥለው ደሙን ሲያይ ነው። ምንውየለት ደሙ ሳይመጣ ያውቃል። ባዶ ክፍል ይመጣል፣ መሐሉ ላይ አንድ ወንበር፤ ለሌላው ሰው ወንበር ነው፣ እሱ ግን ቀጥሎ የሚሆነውን ያውቃል። በር ገርበብ ሲል፣ ሰውዬው እጅጌውን ሲሰበስብ፣ ዘፈኑ መሐል ላይ ቀጥ ሲል፣ ያን ጊዜ እጁ የትርንጎ ዓይን ላይ ነው። ሲያልፍ ያነሣዋል። እሷም ወሬዋን ካቆመችበት ትቀጥላለች።

ብዙ ጊዜ አብሬያቸው እሄድ ነበር። «እማማ ድንቄ፣ ያ ወፍ ምን ይባላል?» ትለኛለች። «ቁራ» እላታለሁ። እጁ ይመጣል፣ እጁ ይሄዳል። «ለምን አንገቱ ብቻ ነጭ ሆነ?» ትላለች። ሰሎሜ ደግሞ በጨርቋ ውስጥ ሆና ከእናቷ ጎን ጭንቅላቷን ወደ ድምፃችን ታዞራለች፤ ቁራ ምን እንደሚመስል አታውቅም፣ ሲጮኽ ብቻ ትሰማዋለች። ቀጥ ብላ መራመድ አትችልም ነበር ያቺ ልጅ። የሆነ ነገር ይመታኛል ብላ ሁልጊዜ አንድ ትከሻዋን አስቀድማ ነው የምትሄደው። ጌጤነሽ ይህን ስታይ ከንፈሯን ትነክስና ጨርቁን ደግማ ታጠብቀዋለች። እሷም ስለምትወዳት ነው።

ሁለቱም ሰባት ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀራቸው ላይኛው ከተማ ለምርመራ ተጠሩ። እናት የሌላትን ልጅ ሌላ ሴት ይዛት ትግባ ስለሚል ሕጉ፣ እኔም ሄድኩ።

ትርንጎን ልትወስድ የመጣችው ወይዘሮ ሶስና የምትባል ነበረች። ልጅ አልወለደችም፤ በአካልም በነገርም ለስላሳ ሴት ናት። አስቀድማ በመስታወት ማዶ አይታ መርጣታለች። ቢጫ ቀሚስ አምጥታ ነበር፣ ደረቱ ላይ ዳክዬ የተጠለፈበት። በመስታወቱ ውስጥ አሳየቻት።

«የኔ ቆንጆ፣ ከዛሬ ጀምሮ ስምሽ ሜሮን ነው።»

«ሜሮን ማን ናት?» አለች ትርንጎ።

«አንቺ ነሻ።»

«እሺ።» ትንሽ አሰበችበት። «ትርንጎስ የት ትሄዳለች?»

ወይዘሮ ሶስና ሳቀች። ምንውየለትም በዓይነ ርግቡ ውስጥ ሲስቅ ሰማሁት፤ ሳቁ ግን ወደ ሌላ ነገር ሊሄድበት ሲል አቆመው። ጎንበስ ብሎ «ያየሽው ነገር አለ ወይ ካሉሽ እውነቱን ንገሪያቸው» አላት።

«ምንም አላየሁም።»

«እሱ ነው እውነቱ፣ እናቴ።»

ያን ጊዜ የፊቱን ሁኔታ ማየት አልቻልኩም፣ ግን ትከሻው ቀሎት ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ የተሸከመውን ሊያወርድ በር ላይ የደረሰ ሰው ነው። ጌጤነሽ ሰሎሜን ይዛ ከበስተኋላችን ወረፋ ላይ ናት፤ ከእሷ ኋላ ሌሎች እናቶችና አባቶች እስከ ደጅ ድረስ ተሰልፈዋል። ልጆቹ ሁሉ ጨርቅ ታስሮላቸዋል። ገልጣ የቆመችው ትርንጎ ብቻ ናት፣ አዳራሹ ደግሞ ክፉ ምስል የማይታይበት ስለሆነ ማንም አልጠረጠረም፤ አሁን የፈቱላት ነው የመሰላቸው።

አዳራሹ ውስጥ ልጅቷን በትንሽ ወንበር አስቀመጧት። እኔና ምንውየለት ከመስታወት ኋላ ነን፤ ድምፁ ይሰማናል። ዋናው መርማሪ ዶክተር ፍሬሰንበት ይባላል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ልጅ ሲያናግር የሚንበረከክ ዓይነት ነው።

የሚያሳዩአቸው ምስሎች ሁሉ የታጠቡ ናቸው። ይህን ልብ በሉልኝ። አንድም ክፉ ነገር የለባቸውም፣ ልጅ ሊያረክሱ አይደለም የተቀመጡት። ላም መጣች። ወንዝ መጣ። ሠርግ መጣ። ሐብሐብ የምትበላ ልጅ መጣች። ትርንጎ ሁሉንም በስማቸው እየጠራች አለፈች፤ ሐብሐቡ ላይ «ፍሬውን ትተፋዋለች ወይስ ትውጠዋለች?» ብላ ስትጠይቅ መርማሪዎቹ ሳቁ። ወይዘሮ ሶስና ከወዲያ በኩል ቀሚሱን ከጉልበቷ ላይ አነሣችው፣ ልታለብሳት።

ከዚያ አንድ ክፍል መጣ። ነጭ ግድግዳ፣ መጋረጃ የሌለው መስኮት፣ መሐል ላይ የእንጨት ወንበር። በቃ፣ ይኸው ነው።

ትርንጎ ዓይኗን ጨፈነች።

አልደነገጠችም። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ረጋ ብላ ጨፈነች።

«ደከመሽ እንዴ?» አላት ዶክተሩ።

«አይ።»

«ታዲያ ለምን ጨፈንሽ?»

«ሊመጣ ነው።»

«ምኑ?»

«እኔ እንጃ። አይቼው አላውቅም።»

ዶክተሩ ወደ እሷ ጠጋ አለ። «ካላየሽው እንደሚመጣ በምን አወቅሽ?»

«ወንበሩ ብቻውን ሲሆን ይመጣል።» ጥቂት ጠበቀችና «አለፈ?» አለች።

 ሌላ ምስል አመጡ፤ ገርበብ ያለ በር። ጨፈነች። ሌላ፤ አንድ ሰው ሊጥ ሊያቦካ እጅጌውን ሲሰበስብ። ጨፈነች። ጥርሱን ያወጣ ትልቅ ውሻ ሲያመጡባት ግን ትክ ብላ አየችው። «ይህንንስ አትፈሪውም?» አሏት። «ውሻ ምንም አያደርግም» አለች።

ዓይን የሚያነበውን መሣሪያ አመጡ። መሣሪያው ዝግ ነው አለ። ደግመው ለኩ፤ ዝግ ነው አለ። ይህች ልጅ በሕይወቷ አንድ ክፉ ነገር አላየችም።

ምንውየለት አጠገቤ ደርቆ ቀረ። ቀኝ እጁን አንሥቶ የእጁን መዳፍ ሲያይ አየሁት። ያን ጊዜ ነው ለእኔም የገባኝ። ያላየችውን ሁሉ ከእጁ ተምራዋለች። መቼ እንደሚመጣ፣ ከምን በኋላ እንደሚመጣ፣ ስንት ትንፋሽ እንደሚቆይ፤ ዕድሜዋን ሙሉ በዓይኗ ቆብ ላይ ሲጻፍላት ኖሯል። በጨርቅ ውስጥ ያደጉት እነዚያ ልጆች ይህን አያውቁም። ሰሎሜን ያን ወንበር ቢያሳዩአት «ወንበር» ትላለች፣ ታልፋለች።

ቢናገር፣ ዝግ ዓይን ልጅ ያለ ጨርቅ ግድግዳ ፊት አቁሟል ተብሎ ልጁ ትወድቃለች። ዝም ቢል፣ መሣሪያው ንጹሕ ብሏታልና ምናልባት ጠባየ ልዩ ናት ብለው ያሳልፏት ይሆናል። ዝም አለ። ክንዱን ያዝኩት።

ዶክተሩ ግን ፊቱ በርቶ ነበር፣ የጠፋበትን ነገር እንዳገኘ ሰው። ወደ ባልደረቦቹ ዞረ።

«አላየችም። ግን ታውቃለች። ይህ የዓይን ጉዳይ አይደለም፣ የደም ነው። አባት አይቷል፣ አያት አይቷል፣ እሷ ይዛው ተወልዳለች።» ወይዘሮ ሶስናን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እስከ ዛሬ በየቤታችን ያስገባናቸውም ሁሉ እንደዚሁ ናቸው ማለት ነው።»

አንዲት ወጣት መርማሪ «ዶክተር፣ ይህ እንደ ጥንት ህንዶቹ ሰውን በልደቱ መፍረድ አይሆንም?» አለችው።

«በጭራሽ። እነሱ በእምነት ነበር። እኛ ማስረጃ ይዘናል» አላት።

ይህን ሲሰማ ነው ምንውየለት መስታወቱን የመታው። ወረፋ ላይ ያሉትን ሁሉ ያየ ይመስለኛል። በሩን ከፍተው ደፉ ላይ አቆሙት።

«ጌታዬ፣ የእኔ ጥፋት ነው። በደም አይደለም። ጨርቅ አላሰርኩላትም። ክፉው ሲመጣ በእጄ ነበር የምሸፍናት፤ መቼ እንደምሸፍን ለምዳ ነው እንጂ ሌላ ምንም የለም። እኔን ቅጡኝ። እሷንም መልሷት፣ እሺ። ሌሎቹን ልጆች ግን በእሷ አትመዝኑብን።»

«እጅህ ከምስሉ በፊት ይደርስ ነበር?»

«አዎን ጌታዬ።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ። አንድም አምልጦኝ አያውቅም።» ይህን ሲል ድምፁ ውስጥ ትንሽ ኩራት ነበር። ምን ያድርግ፣ እውነት ነው።

«እጅህስ ከየት ተማረ?»

«ከሥራው።»

«ሥራውን ማን አስተማረህ?»

«አባቴ። ጎኑ ተቀምጬ።»

«አባትህንስ?»

ምንውየለት እጁን ወደ ኋላው ደበቀ።

«አየህ» አለው ዶክተሩ በዚያ ለስላሳ ድምፁ፣ «የሚያከራክረን ነገር የለም።»

ወይዘሮ ሶስና ውሃ አምጡልኝ አለች። ውሃው ሲመጣላት ለመጠጣት አልነበረም፤ ዓይኗን ታጠበችበት፣ ደግማ ደጋግማ። ታለቅስም ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። ቀሚሱን አጣጥፈው ሊመልሱላት ሲሉ እጇን ሰበሰበች።

«ለእሷ ስጧት። አይታዋለች።»

ትርንጎ ቀሚሱን ታቅፋ ወጣች። ደስ ብሏታል። «ዳክዬው ምንቃሩ ብርቱካን ነው» አለችኝ።

ውሳኔው ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ በድምፅ ማጉያ ተነበበ። መሻገር ቀረ። ለትርንጎ ብቻ ሳይሆን ለተወለደውም ላልተወለደውም። ቀድሞ የተሻገሩትም ተፈልገው ይመለሱ ተባለ። እነዚህ አጣቢ መሆናቸውን የማያውቁ፣ ትዳር የያዙ፣ ሥራ የያዙ ትልልቅ ሰዎች ነበሩ። አንዱ ከመንበሩ የተነሣ ዳኛ ነው፣ አንዷ አራስ ነበረች። ወደ እኛ ተላኩ። ዓይናቸው ግድግዳ አይቶ ስለማያውቅ የመጀመሪያውን ሳምንት መንገድ ላይ ወድቀው እየጮኹ ነበር፤ እኛው አንሥተን ቤት አስገባናቸው። ከእናንተ መሐል የእነሱ ልጆች አላችሁ፣ ማን ማን እንደሆናችሁ አልናገርም።

ትርንጎ በቀጣዩ ሰኞ ሥራ ጀመረች። ዛሬ ከእጥበት ቤቱ ሁሉ ፈጣኗ ናት። እንግዳ ሲመጣ አለቆቹ እሷ ወንበር ጋ አቁመው ያሳያሉ፤ «ተወልዳበት ነው» ይላሉ። ማሽኑም ከሁላችንም አብልጦ ከእሷ ፊት ይማራል ይባላል።

ግን እኔን እስከ ዛሬ የሚያባንነኝ የምርመራው አዳራሽ አይደለም፣ ከዚያ በኋላ ደጁ ላይ የሆነው ነው።

ወረፋው ተበትኗል፣ ሰው ግን አልሄደም። ወዴት ይሄዳል። ምንውየለት ሲወጣ መንገድ ለቀቁለት፤ ከዚያ በፊት ለሰው መንገድ የምንለቀው እኛ ነበርን፣ ለእኛ ግን እንዲህ ሲለቀቅ አይቼ አላውቅም። ጌጤነሽ ብቻ አልተነሣችም። ሰሎሜን ከፊቷ አቁማ ጠበቀችው።

«በእጄ አልክ?» አለችው።

«አዎን፣ እትዬ።»

«ሰማይ ትይ ብለህ።»

«አዎን።»

«የእኔ ልጅስ? እሷ ሰማይ አያምራትም ነበር? ደረጃ ስትወጣ ስንቴ ጥርሷን እንደሰበረች ታውቃለህ? ይለፍ ብዬ ነው። አንድ ቀን ታልፋለች ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም።»

እጇን ወደ ሰሎሜ ጭንቅላት ሰደደችና የጨርቁን ቋጠሮ ፈታችው። ቋጠሮው ስለጠበቀ ከዓይነ ርግቧ ሥር አስገብታ በጥርሷ ነው የፈታችው። እዚያው በላይኛው ከተማ አደባባይ፣ በፀሐይ። ልጅቷ ፊቷን አጨማደደች፣ እንባዋ ፈሰሰ፣ ሁለት እጇን ወደ ፊቷ አነሣች። እናቷ እጆቿን አወረደቻቸው።

«ይህ ምንድን ነው?» አለች ሰሎሜ ወደ ላይ እያየች።

«ፀሐይ ነው። አሁን ተይው።» አገጯን ይዛ ወደ ምንውየለት አዞረቻት። «እሱን እዪው። እንዳትሻገሪ ያደረገሽ ይህ ሰው ነው። እስኪበቃሽ እዪው።»

እኛ ዘንድ እንዲህ አይባልም። ክፉ ሲናገሩን «ዓይናቸው ይገድላል» የሚሉን እነሱ ናቸው፤ የገዛ ልጃችንን ዓይን በገዛ ሰዋችን ላይ ስንልክ ያን ቀን ነው ያየሁት። ከሰዉ መሐል አንድ እንኳ «ተዪ» ያለ የለም። እኔም አላልኩም።

ሰሎሜ አየችው። «ጨርቅ ነው የሚታየኝ» አለች። ዓይነ ርግቡን ማለቷ ነው።

ላይኛው ከተማ ውስጥ ዓይነ ርግቡን ያነሣ አጣቢ ዓይኑን ያጣል። ሕጉን የማያውቅ በመካከላችን አልነበረም፤ ጠባቂዎቹም እዚያው በር ላይ ናቸው። ምንውየለት የትርንጎን እጅ ለእኔ ሰጠኝ። ልጅቷ እንድታየው በርከክ አለና በሁለት እጁ ዓይነ ርግቡን ገለጠ።

«እዪኝ፣ ልጄ» አላት።

ፉጨት ተሰማ። የጌጤነሽ ድምፅ ተለወጠ።

«አንተ ሰው፣ መልሰህ ልበሰው።»

አልለበሰውም። ፊቱን ለልጅቷ እንዳስተካከለላት ተቀመጠ፤ ጠባቂዎቹ እየሮጡ ነው፣ ሰው እየሸሸ ነው።

«በቃ፣ ሰሎሜ፣ ዞር በይ» አለቻት እናቷ፣ ትከሻዋን እየሳበች። «ዞር በይ ብዬሻለሁ።»

ሰሎሜ ግን አልዞረችም። ገና ማየት መጀመሯ ነበር።